ክፉ ፊት አንፈልግም
(ጅማ፣ ለተማሪዎች የፊልም ክበብ አባላት የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ ውድ የክበባችን አባላት፣ እንደምን ዋላችሁ?

ቅዳሜ ለልብ አንጠልጣዩ አጭር ፊልማችን ተዋናይ መምረጥ እንጀምራለን። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ የተማሪዎች ዕቁብ ገንዘብ በዕጣው ዋዜማ ይጠፋል፣ የወሰደችውም ልጅ ከፈላጊዎቹ ጋር አብራ ትፈልጋለች። ለዚህ ሚና ዓይኑ የቀላ፣ ፊቱ የሚያስፈራ ሰው ይሁን እያላችሁ የጠቆማችሁኝ ብዙ ናችሁ። እንዲህ ያለውን ብንመርጥ ተመልካቹ «ጓደኞቹ እንዴት አልጠረጠሩትም? ሞኞች ናቸው እንዴ?» ይለናል፤ እውነቱንም ነው።

በልብ አንጠልጣይ ፊልሞቹ የታወቀው ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ የሚያነሳው ምሳሌ ነበር። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ያወራሉ፤ ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ሳያውቅ ቢፈነዳ ድንጋጤው የ15 ሰከንድ ነው፤ ቀድሞ ካወቀ ግን ያው ተራ ወሬ 15 ደቂቃ ያስጨንቀዋል። እኛም ገንዘቡ ማን ጋ እንዳለ ገና ከጅምሩ እናሳያለን። ከዚያ ወዲያ ሸክሙ ሁሉ የተዋናይዋ ነው።

ስለዚህ ኦዲሽኑ ላይ ለቅሶም ጩኸትም አልጠይቅም። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ትገባላችሁ፤ ቡና ይቀርባል። (ጅማ ተቀምጠን ቡና የሌለው ፊልም ብንሠራ ማን ይምረናል!) ለቀጂዋ በጆሮዋ «ገንዘቡ ቦርሳሽ ውስጥ ነው» እላታለሁ። ለጠጪው ምንም አልነግረውም፤ ስለ ፈተናም ስለ ዝናቡም እንደፈለገ ያውራ። ቀጂዋ ዓይኗን ካቁለጨለጨች፣ ቦርሳዋን በየደቂቃው ከነካካች፣ «ጥፋተኛ ነኝ» ብላ እየለፈፈች ነው። እኔ የምፈልጋት ከወትሮው ይልቅ ደግ የምትሆነዋን ነው፤ ስኳሩን ሁለቴ የምትጠይቀዋን፣ «ኧረ ቶናውን ሳትጠጣማ አትሄድም» የምትለዋን፣ ጀበናውን ስታስቀምጥ ድምፅ እንዳያሰማ የምትጠነቀቀዋን። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኛ ቡናው እንዲያወጣው እንሞክር።

ብዙዎቻችሁ ትወናን የጀመራችሁት በሚኒ ሚዲያና በትምህርት ቤት መድረክ ነው። መድረክ ላይ የኋላ ወንበር ድረስ እንዲሰማ ድምፅ ይነሳል፣ እጅ ይወራጫል። ካሜራው ግን ከፊታችሁ ክንድ ተኩል ቢርቅ ነው፤ ምራቅ ስትውጡ ሳይቀር ያያችኋል።

ለተመረጡት ደግሞ፣ የገፀ ባሕርያችሁን ረጅም የሕይወት ታሪክ ጻፉ አልላችሁም። የምትወደው ቀለም ለማንም አይጠቅምም። ይልቅ ከየትዕይንቱ በፊት «አሁን የማውቀው ምንድን ነው? ማንስ እንዳያውቅብኝ ነው የምፈራው?» ብላችሁ ጻፉ። መጨረሻውን ሰኞ፣ መጀመሪያውን ሐሙስ ልንቀርፅ እንችላለን፤ ገና ያልሰማችውን ወሬ የሰማች መስላ የምትገባ ተዋናይ ታሪኩን ታፈርሰዋለች።

ለምን ወሰደችው ለሚለውም «ክፉ ስለሆነች» የሚል መልስ አልቀበልም። ስክሪፕቱ ላይ እናቷ ከአጋሮ ይደውሉላታል፤ በኦሮምኛ ነው የሚያወሩት። አብራት የምትኖረው ልጅ ከጎንደር የመጣች ናት፤ ኦሮምኛ አትሰማም። ልጅቷ ስልኩ ላይ «ሳይታወቅብኝ እመልሰዋለሁ» እያለች ለእናቷ ትምላለች፤ ፊቷ ግን ለጓደኛዋ ፈገግ እንዳለ ነው። ፊልሙ ውስጥ እንደዚህ የምወደው ቦታ የለም። ይህን የምትሠራዋ እንደ ጅማ ልጅ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሳታስበው የምታልፍ መሆን አለባት፤ ሽምደዳ ወዲያው ያስታውቃል።

የቀረው አጭር ነው። የተመረጠ ሰው ቀረጻው እስኪያልቅ ፀጉሩን አይነካም። ማታ ለሚቀረፁ ትዕይንቶች ወላጅ ፈቅዶ መፈረም አለበት። ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ላይ ያለውን የማሳደድ ትዕይንት ለፖሊስና ለቀበሌ ሳናሳውቅ አንጀምርም፤ «ሌባ! ሌባ!» እያላችሁ ስትሮጡ የሚያያችሁ ባለባጃጅ ካሜራ ይኑር አይኑር አያውቅም፣ ተዋናዩን ይዞ ነው የሚደበድብልን።

ስማችሁን ዛሬውኑ ጸሐፊያችን ዘንድ አስመዝግቡ። አመሰግናለሁ።