ቻዋኑን ከነሣጥኑ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምነግራችሁ በጃፓን የሻይ ሥነ ሥርዓት ስለሚጠጣበት ጎድጓዳ ሳህን ነው። ጃፓኖች ቻዋን ይሉታል፤ እኔም እንደዚያው ልጥራው። ብዙውን ጊዜ የአፉ ስፋት 12 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ቁመቱ ደግሞ 7 ወይም 8 ሳንቲሜትር ነው። እጀታ የለውም። በሁለት እጅ ይያዛል። ማቻ የሚባለው የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት እዚያው ውስጥ ከሙቅ ውሃ ጋር ይመታል። መምቻው በቀጫጭኑ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ነው።

የድሮ ቻዋን መሰብሰብ ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ነገር እየጠነከረብኝ መጥቷል። ቻዋንን ትልቅ የሚያደርገው ግማሹ ሠሪው ነው፤ ግማሹ ደግሞ ያቆየው ሰው ነው። ስለዚህ ሰብሳቢ ኃላፊነት አለበት። ዛሬ የማወራው በሙሉ ከዚህ የተነሣ ነው። የምጠራቸው ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ኪዮቶ ውስጥ ዳይቶኩጂ የሚባል ትልቅ የዜን ቡድሂስቶች ገዳም አለ። በግቢው ካሉት ትንንሽ ገዳማት አንዱ ኮሆአን ይባላል። ኪዛኤሞን የሚባለው ቻዋን ያለው እዚያ ነው። የጃፓን መንግሥት ብሔራዊ ሀብት ብሎ መዝግቦታል። ማን እንደሠራው ግን አይታወቅም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ኮሪያ ውስጥ የነበረ አንድ ሸክላ ሠሪ ነው፤ በቃ። ቀለሙ ወደ ቡናማ የሚያደላ ቢጫ ነው። ጠርዙ ትንሽ ዘመም ብሏል። የሚቆምበት ክብ እግሩ አካባቢ ልባሱ፣ ማለትም ሸክላውን የሸፈነው መስተዋት መሰል ሽፋን፣ ተኮማትሮ ነጠብጣብ ሠርቷል። ለማያውቅ ሰው እንከን ይመስላል። የሻይ ሰዎች ግን በጣም የሚወዱት ያንን ቦታ ነው።

ስሙን ያገኘው ታኬዳ ኪዛኤሞን ከሚባል የኦሳካ ነጋዴ ነው። ነጋዴው ከስሮ ባዶ እጁን ሲቀር እንኳ ይህን ቻዋን አልሸጥም ብሎ ሞቷል ይባላል። ኋላ የማትሱኤ ገዥ ማትሱዳይራ ፉማይ እጅ ገባ። ፉማይ ሻይ አዋቂ፣ የሻይ ዕቃ ሰብሳቢም ነበር። ቻዋኑ የያዘውን ሰው በእብጠት ያሳምማል የሚል ወሬ ነበር፤ ፉማይም ታሟል ይባላል። እሱም ቢሆን አልጣለውም። በ1818 ሲሞት ቤተሰቡ ነው ለኮሆአን የሰጠው።

በብሔራዊ ሀብትነት የተመዘገቡት ቻዋኖች በጠቅላላው 8 ናቸው። 5ቱ ቻይና የተሠሩ ናቸው። አንዱ የኮሪያው ኪዛኤሞን ነው። ጃፓን ውስጥ የተሠሩት 2 ብቻ ናቸው። ከቻይናዎቹ መካከል ዮሄን ቴንሞኩ የሚባሉት 3ቱ ጥቁር ናቸው፤ ውስጣቸው ሰማያዊ ክብ ክብ ብልጭታ አለው። ፉጂያን በተባለው ክፍለ ሀገር ከ12ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ተሠርተው ዛሬ ሙሉ ሆነው የሚገኙት ጃፓን ነው። እስቲ አስቡት። አንድ አገር ትልቅ ሀብቴ ብሎ ከመዘገባቸው ቻዋኖች አብዛኞቹ የውጭ ሰው እጅ ሥራ ናቸው። ጃፓኖች አዩ፣ መረጡ፣ ስም አወጡላቸው፣ ለልጅ ልጅ አስተላለፉ።

ለምን ቻዋን? በሻይ ቤቱ ውስጥ ማንቆርቆሪያ አለ፤ የሻይ መያዣ አለ፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጽሑፍ አለ። ቻዋን ግን ከንፈር ይነካዋል። ኮይቻ የሚባለው ወፍራሙ ሻይ ሲቀርብ ደግሞ እንግዶቹ ከአንዱ ቻዋን ተራ በተራ ይጠጣሉ። ከአንድ ማዕድ ለመቁረስ ያደገ ሰው ይህ የሚፈጥረውን መቀራረብ ያውቀዋል። ከጠጡ በኋላ እንግዶቹ ዝቅ ብለው ቻዋኑን እየዞሩ ያዩታል። ከዚያ የት እንደተሠራ፣ ስሙም ማን እንደሆነ አስተናጋጁን ይጠይቃሉ። አዎ፣ ጥሩ ቻዋን የራሱ ስም አለው።

ወደ ጃፓን ሥራ ስንመጣ ሁለት ሰዎችን ሳልጠራ ማለፍ አልችልም። አንዱ ከ1522 እስከ 1591 የኖረው የሻይ ሊቅ ሴን ኖ ሪክዩ ነው። ሌላው ሸክላ ሠሪው ቾጂሮ ነው። በዚያ ዘመን ባለሥልጣናቱ የሚኮሩት በቻይና ዕቃ ነበር። ሪክዩ ግን ቾጂሮን ጥቁርና ቀይ ቻዋን አሠራው። ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጅ ብቻ የተበጀ። ጌጥ የለበትም። ጥቁሩ እንደጋለ ከእቶኑ በመቆንጠጫ ይወጣል። ራኩ የሚባለው ሥራ ይህ ነው። የራኩ ቤተሰብ እስከ ዛሬ ኪዮቶ ውስጥ ይሠራል፤ አሁን 16ኛው ትውልድ ላይ ደርሷል። ሪክዩን ጌታው፣ በወቅቱ ጃፓንን ይገዛ የነበረው ሂዴዮሺ፣ ራሱን እንዲያጠፋ አዘዘው፤ እሱም በ1591 ትእዛዙን ፈጸመ። ቻዋኖቹ ቀሩ።

እዚህ ላይ አንድ የሚከብድ ነገር አለ፤ መነገር አለበት። ሂዴዮሺ ከ1592 እስከ 1598 ኮሪያን ወረረ። የጃፓን ጦር መሪዎች ሲመለሱ ኮሪያውያን ሸክላ ሠሪዎችን አግዘው ወሰዱ። በየአካባቢያቸው ስም የሚጠሩት፣ ዛሬ የምንወዳቸው የሃጊና የሳትሱማ የሸክላ ሥራዎች የተጀመሩት በእነዚያ ሰዎች እጅ ነው። የካራትሱ ሥራም ያደገው በእነሱ ነው። የሃጊ ቻዋን ያለው ሰው ይህንን አብሮ ማወቅ ያለበት ይመስለኛል። ስለ ልስላሴው አውርቶ ስለ ሰዎቹ ዝም ማለት ትክክል አይደለም።

ሃጊ በያማጉቺ ያለ ከተማ ነው። የሃጊ ሸክላ ለስለስ ያለ ነው፤ ልባሱም እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አሉት። ሻይ በስንጥቆቹ ገብቶ ይሰርጋል። ከዓመታት በኋላ ነጣ ያለው ቻዋን ወደ ቢጫና ወደ ሮዝ ይሄዳል። ጃፓኖች የሃጊ 7ቱ ለውጦች ይሉታል። እዚህ ጋ ሠሪና ጠጪ አብረው ሠሩት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሃጊን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎ የሚያስቀምጥ ሰብሳቢ ሥራውን ግማሽ ላይ አቁሞታል ባይ ነኝ።

ስለ መሰበርም እናውራ። ቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ባኮሃን የሚባል አንድ አረንጓዴ የቻይና ቻዋን አለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሾጉን በሚባለው ወታደራዊ ገዥ በአሺካጋ ዮሺማሳ እጅ ነበር። ሲሰነጠቅ፣ አምሳያውን ላኩልኝ ብሎ ወደ ቻይና ሰደደው ይባላል። እነሱም ዛሬ እንዲህ ያለ መሥራት አይቻልም ብለው፣ ስንጥቁን በብረት ችንካር ሰፍተው መለሱለት። ከዚያ ወዲህ ይበልጥ የተወደደው በችንካሮቹ ነው። ስሙም የመጣው ከእነሱ ነው፤ ቅርጻቸው አንበጣ ይመስላል።

በኡሩሺ የሚጠገነውንማ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ኡሩሺ ከዛፍ የሚወጣ ፈሳሽ ነው፤ ሲደርቅ ይጠነክራል። ስብርባሪው በእሱ ይገጠምና መስመሩ ላይ የወርቅ ዱቄት ይነሰነሳል። ኪንትሱጊ ይባላል። በትክክል ከተሠራ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ዛሬ በገበያ የሚታየው ብዙው ግን በፋብሪካ ማጣበቂያና በወርቃማ ቀለም በችኮላ የተሠራ ነው። ለመጠጫ አይሆንም። በጥቁር መብራት (በአልትራቫዮሌት ብርሃን) ስታዩት አብዛኛው የዘመኑ ማጣበቂያ ያበራል፤ እንዲያ ለዩት። ደኅናውን ቻዋን ሆን ብለው ሰብረው በወርቅ የሚገጥሙም አሉ። እባካችሁ እንዲህ ያለውን አትግዙ።

አሁን የልቤን ልናገር፤ ስለ ሣጥን ነው። ጥሩ ቻዋን የሚቀመጠው ኪሪ ከሚባል ቀላል እንጨት በተሠራ ሣጥን ውስጥ ነው። ኪሪ ከእርጥበት ይከላከላል። ክዳኑ ላይ በብሩሽ የዕቃው ዓይነትና የሠሪው ስም ይጻፋል፤ ማኅተምም ይመታል። ሠሪው ራሱ የፈረመበት ሣጥን ቶሞባኮ ይባላል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ የኡራሴንኬ ወይም የኦሞቴሴንኬ የሻይ ትምህርት ቤት መሪ ስም አውጥቶለት፣ በእጁ ጽፎ ፈርሟል። ውስጡ የሐር ከረጢት ሊኖር ይችላል። የቀድሞ ባለቤት የጻፈው ወረቀትም አይጠፋም። በጣም የተከበረ ቻዋን ሣጥኑ ራሱ ሌላ ሣጥን ይሠራለታል።

ከጃፓን ውጭ ግን ብዙ ሻጮች የመላኪያ ሂሳብ እንዲቀንስላቸው ሣጥኑን ይጥሉታል። ይሄ ያንገበግበኛል። ሣጥኑ ሲጣል ቻዋኑ ከየት እንደመጣ የሚናገረው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚገዛው ሰው የማን ልጅ እንደሆነ የማይታወቅ ዕቃ ነው የሚያገኘው። ጽሑፉን ማንበብ ባትችሉም አስቀምጡት። ፎቶ አንስታችሁ ለሚያነብ ሰው አሳዩት። ወረቀቱን አትለዩ፤ ያረጀውን ማሰሪያም አትጣሉ።

ሣጥን አለ ማለት ግን ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም። የሌላ ቻዋን ሣጥን ውስጥ የገባ ቻዋን ሞልቷል። መጀመሪያ ልኩን እዩ፤ በሣጥኑ ውስጥ የሚንገዳገድ ከሆነ ጠርጥሩ። ቀጥሎ ክዳኑ ላይ ያለውን ማኅተም ከቻዋኑ ማኅተም ጋር አስተያዩ። የቻዋኑ ብዙ ጊዜ እግሩ አጠገብ ነው። እግሩን ሁልጊዜ ገልብጣችሁ እዩ። ልባስ የሌለው ሸክላ የሚታየው እዚያ ነው፤ የሠሪው እጅም የሚታወቀው እዚያ ነው። በጣት ኳ ማድረግ ስንጥቅ ያሳውቃል፤ ራኩ ላይ ግን አይሠራም። ራኩ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚተኮስ ደኅናውም ድምፁ የታፈነ ነው።

ይህ ሁሉ የሀብታም ነገር መስሏችሁ እንዳትሸሹ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን ውስጥ እጅግ ብዙ ሴቶች ሻይ ተምረዋል። ለልምምድና ለእንግዳ የሚሆን ቻዋን በየቤቱ ነበር። ያ ትውልድ አሁን አርጅቷል፤ ቤቶቹ እየተለቀቁ ዕቃው ገበያ ላይ ይወጣል። ከ1926 እስከ 1989 ያለው የሾዋ ዘመን ቻዋን፣ ከነሣጥኑ፣ በመጠነኛ ዋጋ ይገኛል። ኪዮቶ የምትሄዱ ካላችሁ በየወሩ በ21 ቶጂ ቤተ መቅደስ፣ በ25 ደግሞ ኪታኖ ቴንማንጉ የሚቆመውን ገበያ እዩ። ጠዋት ድረሱ። ለጀማሪ የምመክረው አንድ የሃጊ ወይም የካራትሱ ቻዋን ገዝቶ ለወራት በእሱ መጠጣት ነው። ዓይን የሚሠለጥነው በእጅ ነው።

አያያዙ ቀላል ነው። ከመጠጣታችሁ በፊት ለብ ባለ ውሃ ንከሩት፤ ውሃ ከጠገበ ሻዩን ቶሎ አይጠጣም። ሳሙና አይንካው፤ በማሽንም አይታጠብ። ጥርግ አድርጋችሁ ለቀናት አየር ላይ ተዉት። በደንብ ሳይደርቅ ሣጥን ከገባ ይሻግታል፤ ያ ሽታ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። በድሮ ራኩ ውስጥ ሎሚም ሆነ ሌላ የሚኮመጥጥ ነገር አታቆዩ። ልባሱ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል።

ከኋላችሁ ባለው ጠረጴዛ ላይ ጥቂት ቻዋኖች አሉ፤ ሣጥኖቻቸውም አጠገባቸው ናቸው። ከማንሳታችሁ በፊት ቀለበት፣ ሰዓትና አምባር አውልቁ። ክርናችሁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፉ፤ ቻዋኑ ከጠረጴዛው ብዙ ከፍ አይበል። በሁለት እጅ ያዙ። መጀመሪያ ጥቁሩን ራኩ አንሡ፤ ከምታስቡት በላይ ቀላል ነው። ከዚያ የሃጊውን ገልብጡና እግሩን እዩ። የሣጥን ጽሑፍ እንዲነበብላችሁ ያመጣችሁ ካላችሁ እኔ ጋ ኑ፤ አብረን እናየዋለን። ማቻው ተነፍቷል፣ ውሃውም ፈልቷል። ተራ በተራ ኑ።