መኪናውና ምጣዱ በአንድ ሰዓት

ሀና፦ እንደምን አመሻችሁ! ከደሴ ነን። ሰይዶ፣ ትናንት ሰፈራችሁ መብራት ነበረ?

ሰይድ፦ ነበረ፣ ግን ፈዞ አመሸ። ምጣዱ አልግል ብሎ እናቴ ሊጡን ለጠዋት አሳደረችው።

ሀና፦ እኛ ሰፈር ደግሞ “የኤሌክትሪክ መኪናው ነው” ይላሉ።

ሰይድ፦ ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ እየበዛ ነው። የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ግን ያ ሁሉ ኃይል እናቴ ምጣድ ላይ የሚደርሰው በሰፈራችን ትራንስፎርመር በኩል ነው። ቀድሞ የሚጨነቀው እሱ ነው።

ሀና፦ እስቲ አስላልኝ።

ሰይድ፦ አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ግድግዳ ላይ የሚገጠመው የመኪና ቻርጀር 7። መኪና ሲሰካ ሁለት ምጣድ እንደ ተጣደ ቁጠሪው። ምጣዱ ጋገራው ሲያልቅ ይጠፋል፤ ባዶ ባትሪ ግን ሰባት ስምንት ሰዓት ይፈልጋል። 200 ኪሎ ቮልት አምፒር፣ ማለትም ቢበዛ 200 ኪሎዋት ገደማ የሚሸከም ትራንስፎርመር ላይ አሥር መኪና እኩል ከተሰካ 70 ኪሎዋት፣ ከሲሶው በላይ ሄደ ማለት ነው።

ሀና፦ ያውም ሰው ከሥራ ገብቶ፣ ወጡ ተጥዶ፣ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ!

ሰይድ፦ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። መኪናው እስኪነጋ ቆሞ ነው የሚያድረው። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው 8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። በ2 ኪሎዋት ቀስ ብሎ ቢሞላ እንኳ አራት ሰዓት ነው። ብዙዎቹ መኪኖች ደግሞ ሰዓት ይሞላላቸዋል። ማታ ሰክተሽ “ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምር” ትይዋለሽ፣ አለቀ።

ሀና፦ ኮምቦልቻ የሚመላለሱትስ?

ሰይድ፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ መኪናው ፍጥነቱን ሲቀንስ የሚያገኘውን ኃይል ለባትሪው ይመልስለታል። የሚበላው ሽቅቡ ነው። ኮምቦልቻ ቀኑን የሚውል ሰው እዚያው ቢሞላ ማታ ደሴ ላይ አይሻማም።

ሀና፦ ሌሊት ለሚሞላ ሰው ታሪፉ ቢቀንስለትስ?

ሰይድ፦ በጣም ይረዳል፤ በሌሎች አገሮች የተለመደ ነው። ግን ሁሉም ቅናሹን ጠብቆ ልክ 6 ሰዓት ላይ ከጀመረ ጭንቀቱ ወደ እኩለ ሌሊት ዞረ እንጂ አልቀረም። መከፋፈል ያስፈልጋል።

ሀና፦ እኛ ግቢ ሦስት መኪና አለ። እንደ ዕቁብ ዕጣ እናውጣ?

ሰይድ፦ አውጡ እንጂ! አንዱ ከ4፣ አንዱ ከ6፣ ሌላው ከ8። ዛሬውኑ ጀምሩት።

ሀና፦ እሺ፣ እራት ላይ አነሳዋለሁ።