መከላከል፦ «መቼ?» ወይስ «ለማን?»

(ሥዕል፦ ሠላሳ ልጆች የተቀመጡበት የመማሪያ ክፍል)

ተራኪ፦ ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ሲያድጉ የአደንዛዥ ዕፅ ሱሰኛ ይሆናሉ፤ አንዳንዶቹን ድብርት ይይዛቸዋል። የትኞቹን? መምህርታቸውም አያውቁም። እንግዲያው የመከላከሉ ሥራ ከማን ይጀምር?

የጤና ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ ሲጠይቁ የኖሩት «መቼ?» ብለው ነው። ከበሽታው በፊት ከሆነ አንደኛ ደረጃ፣ ገና ሲጀምር ሁለተኛ፣ ሥር ከሰደደ በኋላ ሦስተኛ ደረጃ መከላከል ይባላል። ሦስተኛው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሕክምና በሌላ ስም ነው። ለኩፍኝ ይህ አከፋፈል ይሠራል። ድብርት ወይም ጠበኝነት ግን «ዛሬ ጀመረ» የሚባልበት ቀን የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1983 ሮበርት ጎርደን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ጥያቄውን «ለማን?» ወደሚል ለወጡት፤ መከላከልንም በሦስት ዓይነት ከፈሉት።

(ሥዕል፦ ሠላሳዎቹም ልጆች ይደምቃሉ)

የመጀመሪያው ለሁሉም የሚሰጥ ነው፤ ርካሽና ጉዳት የሌለው መሆን አለበት፤ አብዛኞቹ ያለ እርሱም ደህና ነበሩና።

(ሥዕል፦ ስድስት ልጆች ብቻ ይደምቃሉ)

ሁለተኛው፣ ራሳቸው ምንም ሳይሆኑ ለችግሩ ይበልጥ የተጋለጡ ወገኖችን ይመርጣል፤ ለምሳሌ በድብርት የሚሠቃይ ወላጅ ያላቸውን ልጆች።

(ሥዕል፦ አንድ ልጅ ብቻ)

ሦስተኛው ምልክት የታየበትን ልጅ ለይቶ ይከታተላል። እዚህ ላይ ወጪውም ጫናውም ቢበዛ ያስኬዳል።

ለሁሉም የሚሰጠው ለማንም አይጠቅምም የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በአንደኛ ክፍሎች የተሞከረውን «የመልካም ጠባይ ጨዋታ» እንይ። መምህርቷ ክፍሉን በቡድን ይከፍላሉ፤ ደንቦቹን ይለጥፋሉ። ያለ ፈቃድ ከወንበሩ የተነሣ ልጅ በቡድኑ ላይ አንድ ምልክት ያስመዘግባል። ምልክቱ ከአራት ካልበለጠ ቡድኑ ይሸለማል፤ ሁሉም ቡድኖች አብረው ሊያሸንፉም ይችላሉ። መጀመሪያ ላይ ጨዋታው አሥር ደቂቃ ብቻ ነበር። ልጆቹ ከ19 እስከ 21 ዓመት ሲሞላቸው ጨዋታው ከዕፅ ሱስ በመጠበቅ ይበልጥ ጠቅሟቸው የተገኙት በአንደኛ ክፍል ጠበኛና ረባሽ የነበሩት ወንዶች ናቸው። ማንም ግን «አንተ ችግረኛ ነህ» ብሎ ለይቷቸው አያውቅም።

ለይቶ ማውጣት ግን የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ አስቸጋሪ ታዳጊዎችን በአንድ ቡድን ሰብስቦ መምከር ማጨሳቸውን አባብሶታል። አንዱ የጥፋቱን ታሪክ ሲያወራ ሌሎቹ ይስቁለታል፤ ሳቁ ደግሞ ሽልማት ይሆንለታል።

(ሥዕል፦ ክብ ሠርተው የተቀመጡ ታዳጊዎች። ሳቅ ይሰማል።)