ስዕል ለብቻ ብቻ አይደለም

የተከበራችሁ የስዕል መምህራን፣

ዛሬ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ልጆች አንድ ሸራ ላይ አብረው እንዲስሉ ጊዜ ስጧቸው።

እኛ ለእያንዳንዱ ልጅ ወረቀት እናድላለን። "የራስህን ሥራ፣ የጓደኛህን አትይ" እንላለን። ሙያው ግን ለብዙ ዘመን እንዲህ አልነበረም። በእርጥብ ኖራ ላይ የሚሠራውን የጣሊያን የግድግዳ ስዕል ውሰዱ። ልስኑ ከደረቀ ቀለሙን አይዝም። ስለዚህ በየቀኑ የሚለሰነው የዕለቱ ሥራ የሚሸፍነው ቦታ ብቻ ነው። አንዱ ይለስናል፣ ሌላው ቀለም ይፈጫል፣ ሌላው ንድፉን ያሳርፋል። አንዱ ካረፈደ የሁሉም ቀን ተበላሸ ማለት ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም ሙያውን የለመደው በመምህሩ በቬሮኪዮ ሥራ ቤት ነው። የመምህሩ በሆነው የክርስቶስ ጥምቀት ስዕል ላይ በግራ ዳር የተንበረከከውን መልአክ የሳለው ተማሪው ሊዮናርዶ ነው።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ አሜሪካዊቷ ሰዓሊ ጁዲ ባካ አለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ የጎርፍ መውረጃ ግድግዳ ላይ ከወጣቶች ጋር መሳል ጀመረች። አንዳንዶቹ ከሕግ ጋር የተጋጩ ነበሩ። በተለያዩ ክረምቶች እየቀጠሉ ከ400 በላይ ወጣቶች ተሳተፉበት፤ ስዕሉም ከ800 ሜትር በላይ ረዘመ።

እኛ ግድግዳ አያስፈልገንም። ትልቅ ወረቀት መሬት ላይ ዘርግታችሁ አራት ልጆች ዙሪያውን አስቀምጡ። መጀመሪያ ሁሉም የየራሱን ጥግ ይይዛል። በክንዱ የሚከልልም አለ። ቆይቶ ድንበሩ ይገናኛል። አንዷ ቢጫ ወፍ ስላለች እንበል። ጎረቤቷ ሰማይ ሲቀባ ሰማያዊው ክንፉ ላይ ይፈሳል። "ቲቸር፣ ወፌን አበላሸብኝ!"

እባካችሁ እዚህ ላይ ለመዳኘት አትቸኩሉ። "ምን ልትሠራ ፈልገህ ነው?" ብላ ራሷ ትጠይቀው። እሱም ሰማዩ ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነው ይላል። ቢጫው ገና እርጥብ ስለነበር ክንፉ አረንጓዴ ሆኗል። ይተዉት? ያድርቁትና ደግመው ቢጫ ይቀቡት? ወይስ ሌላውም ክንፍ አረንጓዴ ይሁን? ስለ ቀለም ቅልቅል ከእኛ ገለጻ ይልቅ ይህ ክርክር የበለጠ ያስተምራቸዋል ብዬ አምናለሁ። የሌላን ሰው ሥራ ከመንካት በፊት መጠየቅንም የሚለምዱት እዚሁ ነው።

ችግር የለውም አልልም። ጎበዙ ሁሉንም ይሠራና ሌሎቹ ብሩሽ አጣቢ ሆነው ይቀራሉ። ዝምተኛው ልጅ ይዋጣል። ለዚህ የሚረዳው በየተወሰነ ደቂቃ ቦታ ማቀያየር ነው። እያንዳንዱ ጓደኛው ያቆመውን ይቀጥላል። ለብቻው መሳል የሚወድ ልጅም በሌላ ቀን ለብቻው ይሳል፤ ያንን መንጠቅ የለብንም።

ማርክ ላይ ደግሞ ልማዳችንን መቀየር አለብን። በጋራ አሠርተን "የትኛው ያንተ ነው?" ካልን ልጆቹ ወዲያው ወደየጥጋቸው ይመለሳሉ። ይልቅ "ጓደኛህ ከሠራው ተነስተህ ምን ቀየርክ?" ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም እንመዝግብ።

ሲጨርሱ ወረቀቱን ቆራርጣችሁ አታከፋፍሏቸው። ሙሉውን ወላጅ በሚያልፍበት ኮሪደር ላይ ስቀሉት። የአራቱም ስም በፊደል ተራ ይጻፍበት።

አመሰግናለሁ።