ተሰሎንቄ፦ ስሟ ሳይለወጥ ሰዎቿ የተለወጡባት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ስለ ተሰሎንቄ ላወራችሁ ነው። አዎ፣ ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት ተሰሎንቄ። ብዙዎቻችን ስሟ በቅዳሴ ሲነበብ እየሰማን ነው ያደግነው። ዛሬም አለች፤ በግሪክ ከአቴና ቀጥላ ሁለተኛዋ ትልቅ ከተማ ናት። የምጠራቸው ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኔን የያዘኝ የቅርቡ ታሪኳ ነው፤ ከ1912 እስከ 1943 ያለው። አንድ ሰው ተወልዶ ጎልማሳ እስኪሆን ባለው ጊዜ ውስጥ ከተማዋ ሕዝቧን ቀየረች።

በ1912 የግሪክ ጦር ሲገባ ከ480 ዓመት በላይ በኦቶማኖች እጅ ነበረች። ግን በቁጥር የሚበልጡት ነዋሪዎች ግሪኮችም ቱርኮችም አይደሉም፤ አይሁዶች ናቸው። ቅድመ አያቶቻቸው በ1492 ከስፔን የተባረሩ፣ እነሱ ደግሞ ከአራት መቶ ዓመት በኋላም እቤታቸው ላዲኖ የሚባለውን የስፔን አይሁዶች ቋንቋ የሚያወሩ። የወደቡ ጫኝና አውራጆች በብዛት እነሱ ስለነበሩ ቅዳሜ ወደቡ ሥራ አይሠራም ነበር። አስቡት፣ ያን የሚያህል የንግድ ወደብ ሰንበት ሲያከብር!

በ1917 ከአንድ ኩሽና የተነሳ እሳት መሀል ከተማውን በላው፤ ከ70,000 በላይ ሰው ቤት አልባ ሆነ። ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚነሳበት ሰፊው የአርስቶትል አደባባይ የተነደፈው ከዚያ በኋላ ነው። በ1923 ደግሞ ግሪክና ቱርክ ሕዝብ ተለዋወጡ። መለያው ሃይማኖት ነበር፤ ቱርክኛ ብቻ የሚያውቅ ክርስቲያን ወደ ግሪክ፣ ግሪክኛ ብቻ የሚያውቅ ሙስሊም ወደ ቱርክ። የዘመናዊት ቱርክ መሥራች አታቱርክ ራሱ የተወለደው ተሰሎንቄ ነው። የከተማዋ ሙስሊሞች ሄዱ፣ ከአናቶሊያ፣ ማለትም ከዛሬዋ ቱርክ፣ የተፈናቀሉ ክርስቲያኖች ገቡ።

ከዚያ ናዚዎች መጡ። ሐምሌ 11 ቀን 1942፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ወደ 9,000 የሚጠጉ አይሁዳውያን ወንዶችን ሰብስበው በጠራራ ፀሐይ አዋረዷቸው። ቦታው የነጻነት አደባባይ ይባላል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጥንታዊው የአይሁድ መቃብር ፈረሰ፤ የመቃብር ድንጋዮቹ ለግንባታ ተወሰዱ። መጋቢት 15 ቀን 1943 የመጀመሪያው ባቡር ፖላንድ ውስጥ ወደነበረው የናዚዎች የሞት ካምፕ፣ ወደ አውሽዊትዝ ተነሳ። እስከ ነሐሴ ድረስ ከ45,000 በላይ ሰው ተጫነ፤ አብዛኛው እንደደረሰ ተገደለ። ከጦርነቱ በኋላ ከተማዋ ውስጥ የተገኙት ሁለት ሺህ አይሞሉም።

መቃብሩ በነበረበት መሬት ላይ አሁን የአርስቶትል ዩኒቨርሲቲ አለ። ግቢው ውስጥ መታሰቢያ የቆመው በ2014 ነው። ሰባ ዓመት አልፎ! ይሄ ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም። ለሜትሮ ባቡር ሲቆፈር የጥንቱ ዋና ጎዳና ተገኘ፤ ብዙ ክርክር ተደርጎበት በ2024 ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ድንጋዮቹ ጣቢያው ውስጥ ለሕዝብ ታዩ። ደስ ይላል፣ ተገቢም ነው። ግን ለጥንቱ መንገድ ያን ያህል ከተጨነቅን፣ የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም በሕይወት ላሉ ሰዎች መቃብር ደግሞ ከዚያ ቀድመን ልንጨነቅ ይገባ ነበር።

ግሪክ የምትኖሩ አድማጮች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ተሰሎንቄ ከሄዳችሁ ቅዱስ ድሜጥሮስን ተሳለሙ፣ ነጩን ግንብም እዩ፤ ግን ወደ ዩኒቨርሲቲውም ግቡና ያ መታሰቢያ የት እንዳለ ተማሪዎቹን ጠይቁ። የሚመልሱላችሁን በድምፅ ቀድታችሁ ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ።