«ሐሞት ከረጢቴ ተበስቷል አሉኝ»፦ የአድማጮች ጥያቄና የቀዶ ሐኪሙ መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የሐሞት ጠጠር ኦፕሬሽን በካሜራ ከተሠራሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። ትናንት ልጄ የመውጫ ወረቀቴን ሲያነብልኝ «በሥራው መሃል ከረጢቱ ተበስቷል፣ ታጥቧል» ይላል። በዚህ ዕድሜዬ ሐሞቴ ፈሰሰ! ሐኪሙ ተሳስቶ ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ የፈሰሰው ሐሞትስ ታጥቦ ወጥቷል፤ ወኔዎ ግን አይፍሰስ። ከአሥር ታካሚ ከአንድ እስከ ሦስት በሚሆኑት ላይ የሚያጋጥም ነው። ጽፈው መስጠታቸውም ያስመሰግናቸዋል።

ለምን ይበሳል? ሥራው ሲጀመር የከረጢቱን ጫፍ በረጅም መቆንጠጫ ይዘን በጉበቱ ላይ ወደ ላይ እንገፋዋለን፤ ከሥር ያለውን ቱቦና ደም ሥር ለማየት። ደህና ከረጢት እሺ ብሎ ይያዛል። ጠጠር አፉን ዘግቶት ከተወጠረ ግን መቆንጠጫው ይንሸራተታል፤ ደግመን ስንይዝና ስንስብ ጥርሱ ይቀደዋል። ለዚህ ነው የተወጠረውን አስቀድመን በመርፌ የምናስተነፍሰው።

ትልቁ ፈተና ከጉበት ማላቀቁ ነው። በሁለቱ መካከል ስስ ሽፋን አለ፤ መንገዳችን እሱ ነው። ሕመሙ በተደጋጋሚ የተነሳበት ሰው ላይ ግን ሽፋኑ ጠባሳ ሆኖ ያጣብቃቸዋል። በኤሌክትሪክ መንጠቆ ስናላቅቅ ወደ ጉበት ካዘነበልን ይደማል፣ ወደ ከረጢቱ ካዘነበልን ይበሳል። እኔ መበሳቱን እመርጣለሁ፤ ከረጢቱ ለማንኛውም የሚወጣ ነው። ጾም በተፈታ ቁጥር ሕመሙ እየተነሳባቸው «ዘንድሮን ልለፈው» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢሰሙ ደስ ይለኛል።

አንዳንዴም በእምብርት በኩል ሲጎተት ይቀደዳል፤ በላስቲክ ከረጢት ከተን የምናወጣው ለዚህ ነው።

ይህ የዋናው ሐሞት ቱቦ ከመጎዳት ጋር አንድ አይደለም። ያኛው ከባድ ነው፦ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሆድ እየነፋ ሕመሙ እየባሰ ይሄዳል። ይህ ከታየብዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ። የከረጢቱ የላቦራቶሪ ምርመራ ውጤት ካልደረሰዎትም ይጠይቁ፤ አልፎ አልፎ ያልተጠበቀ ካንሰር ይገኛል፣ ያኔ መፍሰሱ ለሐኪሙ ትልቅ ወሬ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሆድ ተከፍቶ ቢሠራ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ተከፍቶም ይበሳል። የምንከፍተው ደሙ አልቆም ሲል ወይም ቱቦው አልለይ ሲል ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጠጠሮቹ ፈሰው ሁሉም እንዳልተገኙ ተነግሯታል። እንደገና ትከፈት?

መልስ፦ ደህና ከሆነች አትከፈት ወንድሜ። የፈሰሰውን እናጥባለን፣ የታየውን እንለቅማለን፤ የቀረው አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳያደርግ ይኖራል። በጥቂቶች ላይ ግን ከወራት፣ ከዓመታትም በኋላ መግል ይቋጥራል፤ በተለይ ከረጢቱ ቀድሞ ተመርዞ ከነበረ። ትኩሳት፣ በቀኝ ጎን ወይም ጀርባ ሕመም ካላት ትታይ። ወረቀቱንም አትጣሉት። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሐኪም በአልትራሳውንድ ጉበቷ ሥር እብጠት አይቶ ዕጢ ነው ብሎ ሊጠረጥር ይችላል፤ ያኔ «ጠጠር ቀርቶብኛል» ትበለው።