ለኦርቻ ሸለቆ የትኛውን ፊልም እንያዝ?

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

በግንቦት መጨረሻ ወደ ጣሊያን፣ ከሲዬና በስተደቡብ ወዳለው የኦርቻ ሸለቆ እንጓዛለን። የህዳሴ ዘመን ሠዓሊዎች ደጋግመው የሣሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ገጠር ነው። ቲኬት ሳይቆረጥ የጀመረው ክርክር ግን የፊልም ነው። መልሴን አላዘገይም፦ የቀለም ኔጋቲቭ (ሲታጠብ ቀለሙ ተገልብጦ የሚወጣውን፣ ፎቶው ከእሱ የሚታተመውን ፊልም) ያዙ፤ ዓይነት አታብዙ።

ብዙዎቻችሁ ቬልቪያ 50 የተባለውን ስላይድ ፊልም (ሲታጠብ ራሱ ፎቶ የሚሆነውን) እንደምትመኙ አውቃለሁ። ፉጂፊልም እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ካወጣው ጀምሮ መልክዓ ምድር የሚያነሱ ሁሉ ወደውታል፤ አረንጓዴውን ያደምቃል፣ ቀዩን ያነዳል። ችግሩ የሸለቆው ቀትር ነው። በሸለቆው ካሉት ከተሞች አንዷ በሆነችው በፒየንሳ ዳር ቆማችሁ አስቡት። ፀሐይ ያረፈበት የድንጋይ ግድግዳ ዓይን ይወጋል፤ አጠገቡ ያለው ጽድ ጥቁር ሊባል ምንም አልቀረው። ይህ ጽድ የእኛው የፈረንጅ ጽድ ዘመድ ነው፤ ቁመናው ግን እንደ ጦር ቀጥ ያለ ነው። ስላይድ ፊልም ሁለቱን አንድ ላይ አይችላቸውም። ብርሃኑን ለግድግዳው ብትለኩ ጽዱ ይጠፋል፤ ለጽዱ ብትለኩ ግድግዳው ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ወይም በግማሽ መቀነስ ነው፤ በስላይድ የግማሽ ስቶፕ ስህተት እንኳ ያሳጣል።

የቀለም ኔጋቲቩ ኮዳክ ፖርትራ ግን ታጋሽ ነው። ለጥላው ለክታችሁ አንድ ስቶፕ ብርሃን ብትጨምሩለት አይከፋውም። የወይራውንም ቅጠል ልብ በሉ፤ ነፋስ ሲገለብጠው ከሥሩ ብርማ ግራጫ ብቅ ይላል። ያንን የተቆጠበ ቀለም ጯሂ ፊልም አያከብርለትም።

ፖርትራ 160 ወይስ 400? ቁጥሩ ሲበዛ ፊልሙ ለብርሃን ይበልጥ ስሜት አለው። መልሱ ካሜራችሁ ላይ አለ። በብርቱ ፀሐይ ዲያፍራሙን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ዳራውም ይደበዝዛል) 16 ላይ አድርገን የመዝጊያውን ፍጥነት ከፊልሙ ቁጥር ጋር እናቀራርባለን። የካሜራችሁ ትልቁ ፍጥነት የሴኮንድ 1/500ኛ ከሆነ በ400 ፊልም ቀኑን ሙሉ 16 ላይ ተቸንክራችሁ ትውላላችሁ፤ ዳራውን ማደብዘዝ አይታሰብም። በ160 ግን እስከ 8 ድረስ መክፈት ትችላላችሁ። ለምሽትና ለጠባቦቹ መንገዶች አንድ ሁለት ጥቅል 400 ይበቃል።

የምንደርሰው ስንዴው ወደ ቢጫ ሲዞር፣ በማሳው መካከል የሚበቅለው ቀይ የፓፒ አበባ ሊያልቅ ሲል ነው። ለአበባው ብላችሁ ቀለም የሚያደምቀውን የኮዳክ ኔጋቲቭ፣ አንድ ኤክታር 100 ብትይዙ አልከለክልም፤ ሰው ግን አታንሱበት፣ ፊት ያቀላል። ጉዟችን በነሐሴ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ነበር። ማሳው ታጭዶ አመዳማው የሸክላ አፈር ሲገለጥ ጥቁርና ነጭ ነው የሚያምረው፤ ኢልፎርድ ኤፍፒ4 ከብርቱካናማ ማጣሪያ ጋር።

የአየር ማረፊያው ነገር ይቀረኛል። ፊልም ከምታስጭኑት ሻንጣ ውስጥ ከቶ አታስገቡ፤ የሚፈተሽበት ኤክስሬይ ያበላሸዋል። አሁን ለእጅ ሻንጣ እየተስፋፉ ያሉት ሲቲ የተባሉት ብርቱ የኤክስሬይ መፈተሻ ማሽኖችም ያልታጠበ ፊልምን ያበላሻሉ፤ አንድ ጊዜ ማለፍ ይበቃዋል። ጥቅሎቹን ከካርቶናቸው አውጥታችሁ ውስጡን በሚያሳይ ከረጢት ያዙና በእጅ እንዲፈተሽላችሁ በትሕትና ጠይቁ። እዚያ ከደረስን በኋላም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት።

ካሜራ የያዛችሁ አሁን ወደ ፊት ቅረቡ፤ የመዝጊያችሁን ፍጥነት አብረን እንይ። አመሰግናለሁ።